የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ ዋልያስ ባንድ በገዛ መሣሪያው የቆመበት ታሪክ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ በአዴት ገበያም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ሠርግ ቤቶች፣ ከደጅ ደጅ የሚዞር አዝማሪ በትከሻው የሚያነግተው መሰንቆ የራሱ ነው። የመሰንቆው ሳጥን ከእንጨት ይሠራል፤ ፊቱ በቆዳ ይወጠራል፤ ብቸኛው ክርና የደጋኑ ክር ከፈረስ ጭራ ይዘጋጃሉ። ክሩ ቢበጠስ ሌላ ጭራ፣ ቆዳው ቢቀደድ ሌላ ቆዳ ከመንደሩ አይጠፋም። አዝማሪው ከኅብረተሰቡ ዘንድ የሚገባውን ክብር ሳያገኝ ኖሯል፤ እንጀራውም በሰጪው ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ሆኖም ማንም የማይወስድበት አንድ ነገር ነበረው፤ ይኸውም መሣሪያው ነው። ጋባዡ ፊት ቢነሳው መሰንቆውን አንግቶ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል።

የናስና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ወደ ኢትዮጵያ በገቡ ጊዜ ይህ ቀላል የሚመስል መብት ከሙዚቀኛው እጅ ወጣ። ዘመናዊ የተባለው ሙዚቀኛ ማስታወሻ ማንበብን፣ በጋራ መጫወትንና ልዩ ልዩ ድምፆችን ማዋሐድን ሲማር፣ በአንጻሩ የመሣሪያው ባለቤት መሆኑ ቀረ። ይህንን መብት መልሶ ለማግኘት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጀ። በዚህ ረገድ የዋልያስ ባንድ ታሪክ ከሁሉም ጎልቶ የሚታይ ምሳሌ ነው። ስለ ዋልያስ ሲነገር የሚጠቀሰው አብዛኛውን ጊዜ የዜማው ማማር ነው። ከዜማው በፊት ግን የሥራ አደረጃጀት ነበር፤ ዜማውም ያለ አደረጃጀቱ ባልተገኘም ነበር።

መሣሪያው የመንግሥት በነበረበት ዘመን

ከዓድዋ ድል በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሩስያ የናስ መሣሪያዎች መምጣታቸው የዘመናዊው ሙዚቃ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በኢየሩሳሌም ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም ከዚያ የቀረ ነው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከእርሱ በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤቱ፣ ቀጥሎም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ብዙ ሙዚቀኞችን አስተማረ።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ፣ የማዘጋጃ ቤትና የሀገር ፍቅር የሙዚቃ ክፍሎች ተጠናከሩ። ትምህርቱ ከእነዚህ ተገኘ፤ ታላላቆቹ ድምፃውያንም ከእነዚህ ወጡ። ነገር ግን ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱ፣ ከበሮው፣ የሚለበሰው ልብስ ሳይቀር የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው ደመወዝተኛ፣ ብዙውን ጊዜም ወታደር ነበር። በሥራው ቅር ቢለው መሣሪያውን ለንብረት ክፍል አስረክቦ ባዶ እጁን ይወጣል። የሙዚቃ ክፍሉ ዕጣም ከመሥሪያ ቤቱ ዕጣ የሚለይ አልነበረም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ ጦር የመንግሥት ግልበጣ ሞክሮ በከሸፈ ጊዜ የጦሩ ድምፃዊ የነበረው ጥላሁን ገሠሠ ለጥቂት ጊዜ መታሰሩ ለዚህ ማስረጃ ነው።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች ሲበዙ ከመንግሥት ሥራ ውጭ ሌላ በር ተከፈተ። ቢሆንም በሩ የሚያስገባው ወደ ሌላ ጌታ ቤት ነበር። የክበቡ ባለቤት ኦርጋኑን፣ ድምፅ ማጉያውንና ከበሮውን ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ሙዚቀኞችን ይቀጥራል፤ ባንዱም የክበቡ ባንድ ተብሎ ይጠራል። ባለቤቱ ገበያው ቢቀዘቅዝበት ወይም ሌሎች ተጫዋቾች ቢሻ ሙዚቀኞቹን ያሰናብታል፤ መሣሪያው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ሙዚቀኛው ከመንግሥት ንብረት ክፍል ወጥቶ ወደ ግለሰብ ንብረት ክፍል ተዛወረ ማለት ይቻላል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአበው ተረት የሚሠራው ለእንዲህ ያለው ሁኔታ ነው።

ሸክላው ከአንድ እጅ ሲወጣ

የባለቤትነት ጥያቄ በመሣሪያ ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በመሆኑም አንድ ድምፃዊ የቱንም ያህል ቢወደድ ዘፈኑን በሸክላ ለማስቀረጽ ከዚያ ውጭ ሕጋዊ መንገድ አልነበረውም።

ይህን አጥር እ.ኤ.አ. በ1969 የጣሰው የሙዚቃ መደብር የነበረው ወጣቱ ነጋዴ አምሐ እሸቴ ነው። አምሐ ሬከርድስ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ። በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ቴፑ ወደ ሕንድ አገር ተልኮ፣ ሸክላው እዚያ ታትሞ ተመለሰ። ያሰጋው የነበረው ክስ ሥራውን አላቆመውም፤ ድርጅቱ እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አውጥቷል። እርሱን ተከትለው ሌሎች አሳታሚዎች ተነሡ፤ ከእነዚህም አንዱ የዓሊ አብደላ ካይፋ ድርጅት ነበር።

የዚህ ድርጊት ፋይዳ ከንግድ ያልፋል። አሳታሚው ብዙ ሲሆን የሚያጅብ ባንድ ይፈለጋል፤ ባንዱም ከአንዱ አሳታሚ ጋር ባይስማማ ወደ ሌላው ይሄዳል። ከመሥሪያ ቤትና ከክበብ ባለቤት ውጭ የሚገኝ ሦስተኛ የገቢ ምንጭ ተፈጠረ። ሶል ኤኮስን የመሰሉ ባንዶች ራሳቸውን ችለው ለመቆም የሞከሩት በዚሁ ዘመን ነው።

የዋልያስ መቋቋም

ዋልያስ ባንድ የተመሠረተው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ቬነስ በተባለው የምሽት ክበብ ይጫወቱ በነበሩ ሙዚቀኞች ነው። በባንዱ ታሪክ ስማቸው ከሚነሣው መካከል የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ፣ የፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ፣ ሳክስፎንና ፍሉት የሚጫወተው ሞገስ ሀብቴ፣ ቤዝ ጊታሩን የያዘው መላከ ገብሬ፣ ትራምፔት ነፊው ዮሐንስ ተኮላ፣ የከበሮው ተማረ ሐረጉ እና ጊታር ተጫዋቹ ማሕሙድ አማን ይገኙበታል።

ከእነርሱ የኃይሉ መርጊያ ሕይወት የዘመኑን ሙዚቀኛ መንገድ በሚገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1946 በሸዋ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ አኮርዲዮን በራሱ ጥረት ተማረ፤ ገና በጉርምስናው የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ገብቶ ማስታወሻ ማንበብን ቀሰመ። ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላ በልዩ ልዩ ክበቦች ሲጫወት ቆይቶ ወደ ቬነስ ደረሰ። እንግዲህ ከመንግሥት ትምህርትን፣ ከክበብ ደግሞ ልምድን አገኘ፤ የቀረው የራስ የሆነ መሣሪያ ነበር።

ዋልያሶች ያደረጉት ሲነገር ቀላል ነው። ገንዘብ አዋጥተው መሣሪያቸውንና የድምፅ ዕቃቸውን ራሳቸው ገዙ፤ ውላቸውንም ራሳቸው ተዋዋሉ። ሥራ ላይ ሲውል ግን ነገሩ ከባድ ነበር። የኤሌክትሪክ ኦርጋንና የድምፅ ማጉያ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ዋጋቸው ከአንድ ተጫዋች አቅም በላይ ነው፤ ቢበላሹም መለዋወጫው እንደ ፈረስ ጭራ ከመንደር የሚገኝ አይደለም። ለአዝማሪው መሰንቆ አንድ ሰው በቂ ነበር፤ ለዘመናዊው ባንድ መሣሪያ ግን ማኅበር ያስፈልጋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እዚህ ላይ ነው። የመሣሪያው ባለቤትነት የጋራ ሲሆን ተጫዋቾቹን አንድ የሚያደርጋቸው ጓደኝነት ብቻ መሆኑ ይቀርና የጋራ ንብረትና የጋራ ኃላፊነት ይጨመርበታል።

የውጤቱ ምልክት በስማቸውም ላይ ይታያል። ቀደም ሲል ባንድ የሚጠራው በመሥሪያ ቤቱ ወይም በክበቡ ስም ነበር። በዚህ ዘመን የተነሡት ግን ስማቸውን ራሳቸው መረጡ፤ ዋልያስና አይቤክስ የሰሜንን ተራራ ዋልያ፣ ዳህላክ የቀይ ባሕርን ደሴቶች፣ ሮሃ የላሊበላን ጥንታዊ ስም ወሰዱ። አገርን በስማቸው ይዘው፣ የጌታን ስም ግን ትተው ተነሡ።

ሂልተንና የሰዓት እላፊው ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው የአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለአሥር ዓመታት ያህል የዋልያስ ዋና የሥራ ቦታ ሆነ። እዚህ ላይ ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። ባንዱ ወደ ሂልተን የገባው እንደ ሆቴሉ ሠራተኛ ሳይሆን የራሱን ዕቃ ይዞ እንደ ውል ተቀባይ ነው። አድማጩ የተደባለቀ ነበርና የውጭ እንግዶችን የሚያስደስት የውጭ ሙዚቃ፣ የአገሩን ሰው የሚያስደስት አገርኛ ዜማ በአንድ ምሽት መጫወት ነበረባቸው። በዚህ ልምምድ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ የተባሉት ቅኝቶች ከሶልና ከጃዝ ምት ጋር እየተዋሐዱ ሄዱ።

የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳና ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የከተማው የሌሊት ኑሮ ተለወጠ። የሰዓት እላፊ ታወጀ። ብዙ ክበቦች ሲዳከሙ በታላላቅ ሆቴሎች የሚጫወቱ ባንዶች አዲስ ልማድ አወጡ፤ አድማጩ ከሰዓት እላፊ በፊት ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ሙዚቃው እስኪነጋ ይቀጥላል። ለተጫዋቹ አድካሚ ነበር፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ባንድ ብዙ ዜማ ያስፈልገዋልና ለፈጠራ አስገድዷል።

በዚሁ ዘመን የዘፈን ግጥም ከመውጣቱ በፊት ይመረመር ነበር። ዋልያሶችና እኩዮቻቸው ድምፃዊ የሌለበትን የመሣሪያ ሙዚቃ በብዛት መቅረጻቸው በዚህ ጊዜ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1975 «ትዝታ» የተባለው ካሴታቸው ሂልተን ውስጥ ክበቡ ሥራ በማይሠራበት ሰዓት ተቀረጸ። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» የተባለው ሸክላ ወጣ፤ በዚህ ሸክላ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተሳትፏል። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘውም በዚሁ ውስጥ ነው። አይቤክስም እ.ኤ.አ. በ1976 በራስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የመሣሪያ ሙዚቃውን ቀርጿል። ኃይሉ መርጊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ከዳህላክ ባንድ ጋር ሆኖ «ወደ ሐረር ጉዞ»ን በግዮን ሆቴል ቀረጸ።

ሆቴሎቹ እንደ ስቱዲዮ ማገልገላቸው ከመሣሪያ ባለቤትነት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በባዶ አዳራሽ ውስጥ የገዛ ዕቃውን የዘረጋ ባንድ የስቱዲዮ ኪራይ አይጠብቅም፤ የአለቃም ፈቃድ አያሻውም። ተጫዋቾቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚጫወቱ የአንዱ ስሕተት የሁሉ ስሕተት ነው፤ የድምፁም ሚዛን በአብዛኛው የሚወሰነው ማን ከማይክሮፎኑ ምን ያህል እንደ ራቀ ነበር። በየሌሊቱ አብረው ሲጫወቱ የከረሙ ሰዎች ስለነበሩ ይህ አላስቸገራቸውም።

የነፃነት ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከድምፃውያኑ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ወደዚያ አገር ለሥራ የሄደ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ እንደ ሆነ ይነገርለታል። ከአገር መውጫ ፈቃድ ማግኘት ብርቅ በነበረበት ጊዜ ይህ ጉዞ ትልቅ ድል ነበር። በአዳራሾቹ የተሰበሰቡት አድማጮች ግን በአብዛኛው ከአገራቸው የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ባንዱ የተመኘው የአሜሪካ ሕዝብ ገበያ አልተከፈተለትም።

ጉዞው ሲያበቃ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። የጋራ ገንዘብ፣ የጋራ ዕቃና የጋራ ውል የነበረው ባንድ በውቅያኖስ ለሁለት ተከፈለ። ይህንን እንደ ክሕደት የሚቆጥሩ ካሉ ዘመኑን መዘንጋት ይሆናል። በአገር ቤት ሰዓት እላፊና ምርመራ፣ በውጭ ደግሞ ያልታወቀ ኑሮ ነበር፤ እያንዳንዱ በበኩሉ መረጠ። ባንዱ መሣሪያውን ከሌላ ሰው እጅ ነፃ ሊያወጣ ቻለ፤ አገሪቱ የነበረችበትን ሁኔታ ግን መለወጥ አይችልም ነበር።

በአሜሪካ የቀሩት ዙላ በሚባል ባንድ ጥቂት ጊዜ ተጫወቱ። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠራ። አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሮቹን ሁሉ የተጫወተው ራሱ ነው። በዋልያስ ሰባት ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው በመሣሪያ ብዛት ሠራው። ዜማው ድንቅ ነው፤ የማኅበሩንም መፍረስ የሚያስታውስ ነው። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ጊዜ ከመኪናው ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ሌላም ያልተፈታ ጉዳይ ነበር። ዋልያሶች የመሣሪያቸው ባለቤት ሲሆኑ የቀረጹት ድምፅ ባለቤትነት ግን በእጃቸው አልጸናም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጓል፤ ካሴት በየሱቁ እንደ ልብ በሚገለበጥበት ዘመን ግን የሕጉ ቃል ለሙዚቀኛው ኪስ አልደረሰም። የተጫዋቹን መብት ለይቶ የሚጠብቀው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም.፣ ይኸውም «ቼ በለው» ከወጣ ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ባሕር ዳር የተገኘው ካሴት

የዋልያስን ታሪክ ወደ ጎጃም የሚመልሰው ይኸው ያለ ፈቃድም በፈቃድም ሲገለበጥ የኖረው ካሴት ነው። ሸክላ ማጫወቻ የኤሌክትሪክ መብራት ካለበት ከተማ አልወጣም ነበር። ካሴት ግን በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ በአውቶቡስ ተሳፋሪ ኪስ ይጓዛል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም የሚያልፈው መንገድም፣ በሞጣና በአዴት የሚያልፈውም መንገድ መጨረሻቸው ባሕር ዳር ነው። ከአዴት 40 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በዚህች ከተማ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ «ሸሞንሟናዬ»ን አገኘ። ባለቤቱን ፈልጎ፣ ተስማምቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በድጋሚ አሳተመው።

ከዚያ ወዲህ የሆነው የሚታወቅ ነው። ኃይሉ መርጊያ እንደገና ወደ መድረክ ወጣ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ተጫወተ፤ «ላላ በሉ»ን እ.ኤ.አ. በ2018፣ «የኔ ምርጫ»ን በ2020 አወጣ። «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ «ትዝታ» በ2021 በድጋሚ ታተሙ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ ኅትመትም የዘመኑን ሥራ ለዓለም አስተዋውቋል። ግርማ በየነ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፓሪሱ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አሳትሟል። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ዛሬ ኢትዮጵያን ያላዩ ባንዶች ሳይቀሩ ይጫወቱታል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት የሙዚቀኞች ብቻ አይደለም። በየትኛውም ሙያ ቢሆን በትምህርት ብቻ ባለሙያ መሆን ይቻላል፤ ራስን መቻል ግን በእጅ ያለውን መሣሪያና የሚፈርሙትን ውል ይጠይቃል። ዋልያሶች የመጀመሪያውን በማዋጣት፣ ሁለተኛውን በመደራደር አገኙ። ሦስተኛው፣ የሥራ ውጤት ባለቤትነት፣ ለእነርሱ እጅግ ዘግይቶ ደረሰ፤ ለአንዳንዶቹም ጨርሶ አልደረሰም። የአዴቱ አዝማሪ መሰንቆውን ለልጁ ሲያወርስ ዜማውን ጭምር ያወርሰዋል። የኤሌክትሪክ ዘመን ሙዚቀኛ መሣሪያውን መልሶ አግኝቷል፤ ዜማውን ለልጁ የሚያወርስበትን ሥርዓት ማጽናት ግን ከእርሱ ይልቅ ሕግ አውጪው፣ አሳታሚውና በየሱቁ የሚገለብጠው ወገን ያለባቸው ዕዳ ነው።